ቆብ ያወዛወዘው ሰው

ሱቮዶ፣ ኦክቶበር 9 ቀን 1983

በዓይኔ ላላየሁዎት አጎቴ ለቲሆሚር ቩሌቲች፤

ይህች ወረቀት ባሕሩን በሰላም ተሻግራ በጤና ታግኝዎት። እኔ የወንድምዎ የሚሌታ ልጅ ስታና ነኝ። አባቴ እስር ቤት ሲገባ በእናቴ ሆድ ነበርኩ፤ አሁን ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። አድራሻዎን የሰጡኝ ቄሱ ናቸው። እናቴ መጻፌን አታውቅም፣ እንድታውቅም አልፈልግም። በየገናው የሚልኩትን ጫማ ሳትፈታ ለጎረቤት ነው የምትሰጠው። አንድ ጊዜ ደብቄ ለክቼዋለሁ፤ ጠቦኛል።

የምጽፈው ግን ለጫማ አይደለም። ባለፈው ኤፕሪል ኒክሺች ያለው የተኳሾች ክበብ ገባሁ። ሠላሳ ሰው ነን፣ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ጠመንጃው የጦር ሠራዊቱ አሮጌ ነው፤ በሆዳችን ተኝተን ሦስት መቶ ሜትር ላይ እንተኩሳለን። የመጀመሪያ ቀን ከአሥር ጥይት ወረቀቱን የነኩልኝ ሦስት ብቻ ነበሩ። ትከሻዬ እንደ ፕሪም ጠቁሮ ሳምንት ሙሉ ባልዲ ማንሳት አቃተኝ። አሁን ከመቶ ሰባ አንድ አገኛለሁ። በሚመጣው ሴፕቴምበር ለሪፐብሊኩ ቡድን ምርጫ አለ፤ እዚያ ስድስት መቶ ሜትር ነው፣ ለመግባት ዘጠና ያስፈልገኛል። አሠልጣኛችን ከሦስት መቶ ወዲያ ስላለው ነገር ሲጠየቅ «ትንሽ ከፍ አድርጊው» ከማለት በቀር የሚያውቀው የለም።

እርስዎ እዚያ አገር በዘጠኝ መቶ ሜትር ከሚተኩሱ ሰዎች ጋር እንደሚውሉ ቄሱ ነገሩኝ። ከየት ነው የሚጀመረው? ምን ልማር፣ ምን ልተው? ከቻሉ ደግሞ ከጠመንጃው ኋላ የሚታሰረውን ባለ ቀዳዳ ማነጣጠሪያ ይላኩልኝ፤ እዚህ አይገኝም። ያረጀም ቢሆን አልጠላም።

ከክበባችን ሁሉን የሚበልጠው ጎይኮ ባቢች ነው። ማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ የራዶሳቭ ልጅ ነው። ከእኔ አንድ ቦታ ዘሎ ይተኛል። የእኔ አባት የእሱን አባት እንደገደለ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለዚህ የሚሆን ሰላምታ ስለሌለን ስለ ነፋስ እናወራለን።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይጨምርልዎ።

የወንድምዎ ልጅ ስታና


ወሎንጎንግ፣ ዲሴምበር 4 ቀን 1983

ለልጄ ለስታና፤ ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ፣ ዓይንሽን ያጥራልሽ፣ እጅሽን ያርጋልሽ።

ደብዳቤሽን ስድስት ጊዜ አነበብኩት። ሚስትም ልጅም የለኝም፣ ስለዚህ የሚታዘበኝ አልነበረም፤ አለቀስኩ። በቃ፣ ስለ ልቅሶ ሁለተኛ አላወራሽም። ወደ ሥራችን እንግባ።

መጀመሪያ ጠመንጃውን መውደድ ተዪ። ጠመንጃ የሚወዱ ሰዎች እዚህም ሞልተዋል። ቅዳሜ ሙሉ ብረት ሲወለውሉና ስለ ብረት ሲያወሩ ይውሉና እሁድ የሚመቱት አሸዋውን ነው። አንቺ ሰውነትሽን ተማሪ። ማንገቻውን ከግራ ክንድሽ ላይ አጥብቂው፤ ጠመንጃውን የሚሸከመው አጥንትሽና ጠፍሩ ይሁን፣ ጡንቻ ይደክማል። ተኝተሽ ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ተንፍሺ፣ ግለጪ። አፈሙዙ ከኢላማው ጎን ሄዶ ካገኘሽው በእጅሽ አትግፊው፤ ከወገብሽ ጀምረሽ መላ ሰውነትሽን አዙሪ። ትንፋሽሽን ግማሹን አውጥተሽ ያዢ። ምላጩን እንደ በር እጀታ አትጎትቺው፤ ላም ስታልቢ ጡቷን እንደምትይዢው ጨመቅ፣ ጨመቅ አድርጊው። መቼ እንደተኮሰ አንቺም አትወቂ።

ደብተር ግዢ። የተኮስሽውን ጥይት ሁሉ ጻፊ፤ ብርሃኑን፣ ነፋሱን፣ የት ይወድቃል ብለሽ እንደነበርና የት እንደወደቀ። ራስሽን አታባብዪ። እዚህ በዘጠኝ መቶ ሜትር፣ ፊትሽ ላይ እንኳ የማይሰማሽ ነፋስ ጥይቱን አንድ ክንድ ይወስደዋል። ነፋስን ሣሩ ላይ እዪው፣ ከመሬት እየተንቀጠቀጠ የሚነሳው ሙቀት ላይ እዪው። መልኩ ሲለወጥ ጣትሽን አንሺና ጠብቂ። ጀማሪን የሚጥለው አለመጠበቅ ነው።

ማነጣጠሪያውን በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ያረጀ ነው፣ እኔም አርጅቻለሁ፣ ሁለታችንም እንሠራለን። ለጫማሽም ቁጥርሽን ጻፊልኝ።

ስለ ባቢች ልጅ የጻፍሽውን አይቻለሁ። ስለ ነፋስ ማውራት ጥሩ ነው። ከነፋስ አትውጡ።

አጎትሽ ቲሆሚር


ሱቮዶ፣ ማርች 2 ቀን 1984

ለተከበሩ አጎቴ፤ የጾሙን ወራት በሰላም ያስፈጽምዎ፣ ለትንሣኤው ያድርስዎ።

ማነጣጠሪያው ደርሷል። ጉምሩክ ሦስት ሳምንት አስሮት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰማንያ አራት አገኘሁ። ጎይኮ አጮልቆ አየበትና «ይሄ ማጭበርበር ነው፣ ለእኔም አስመጪልኝ» አለኝ። እስካሁን ካወራኝ ሁሉ ረጅሙ ይኼ ነው። ጫማዬ ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር ነው።

አሁን የማወራዎት ግን ሌላ ነው። መንደሩ ተሰብስቦ አባቴ ከታሰረ ወዲህ የቀረውን የቅዱስ ጴጥሮስ በዓል የተኩስ ውድድር ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ እንመልሰው ብሏል። እንደ ድሮው፣ ከገደሉ ማዶ ሰሌዳ፣ አራት መቶ ሜትር፣ ሽልማቱ አውራ በግ። ጎይኮም ተመዘገበ፣ እኔም ተመዘገብኩ። በማግስቱ ሱቅ ስገባ የሟቹ የራዶሳቭ ወንድም ማሻን ባቢች ከጓደኞቹ ጋር ራኪያ አረቄ ይጠጣል። «ቩሌቲቾች ያለ ቆብ አወዛዋዥ ነው እንዴ ዘንድሮ የሚተኩሱት?» አለ። ሁሉም ሳቁ። «አንተስ ያለ ብርጭቆ መናገር ትችላለህ እንዴ?» አልኩት። ጠርሙሱን ወረወረው፤ ግንባሬ በአራት ስፌት ተሰፋ።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ ውሻችንን በጠዋት በራችን ላይ ተሰቅሎ አገኘነው። አንድ ጥይት፣ በሁለት ዓይኑ መካከል። እናቴ አውርዳ ቀበረችው፣ ደሙን ከበሩ ላይ አጥባ ላሟን ልታልብ ሄደች። ሌላ ቀን ደግሞ ከክበቡ ስመለስ መስኮቱ ረግፏል፣ የአባቴ ፎቶግራፍ መሬት ላይ ነው። የማንን በር አንኳኩቼ ልክሰስ? ጥይቱ ስም የለውም።

እናቴን «ያን ቀን ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኳት። «አባትሽ ወንድሙ ሌባ ሲባል ሰማና መታ። ሌባ አልነበረም። ሌላ ነገር የለም» አለችኝ። ማሻን ስለ የትኛው ቆብ ነው የሚያወራው? እርስዎ እዚያ ነበሩ። ከማነጣጠሪያው ይልቅ ይህን ቢልኩልኝ ይሻለኛል።

አክባሪዎ ስታና


ወሎንጎንግ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 1984

ለልጄ ለስታና፤ የትንሣኤው ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ውሻው አዘንኩ። ስለ ግንባርሽ ከማዘን አልፌ ሌሊቱን ተኝቼ አላደርኩም።

ስሚኝ። ሱቮዶ ላይ አትተኩሺ። አንቺ የምትፈልጊው ሴፕቴምበርን ነው፣ የሚጠቅምሽም እሱ ነው። አራት መቶ ሜትር ላይ በሰከሩ ሰዎች ፊት በግ ማሸነፍ ምን ያደርግልሻል? የገደሉ ነፋስ ደግሞ ከሥር ወደ ላይ ነው የሚነፍሰው፤ እንደዚያ ያለ ነፋስ ለጀማሪ ሥራ ያበላሻል። እኔ ጋ ነይ። ቲኬቱን እኔ እቆርጣለሁ። እዚህ ሴቶች ከወንዶች ጎን ተኝተው ይተኩሳሉ፣ ማንም ዘወር ብሎ አያያቸውም።

እዚህ አሠራሩ ሌላ ነው። ተኳሾቹ ተራ በተራ ከኢላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ ገብተው ለሌላው ምልክት ይሰጣሉ። ጥይቱ በአናትሽ ላይ እየተሰነጠቀ ያልፋል፣ ኢላማውን ታወርጂዋለሽ፣ ቀዳዳውን ታሳያለሽ፣ በወረቀት ለጥፈሽ መልሰሽ ታወጪዋለሽ። ክፍት ቀዳዳ አይተውም። መቼም አይተውም። ይህን ለኒክሺች ሰዎች ንገሪልኝ።

ስለ ቆቡ ጠይቀሽኛል። ያን ቀን ምልክት ሰጪው እኔ ነበርኩ። ጥይት ሲስት ቆብ ይወዛወዛል፤ ራዶሳቭ ተኮሰ፣ እኔ አወዛወዝኩ። ይኸው ነው። ጫማውን ልኬያለሁ።

አጎትሽ ቲሆሚር


ሱቮዶ፣ ሜይ 27 ቀን 1984

ለአጎቴ፤ ሰላም ይሁንልዎ።

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ከተጣመመ ይታገሱኝ።

የዛሬ አሥራ ሁለት ቀን በቀትር በጎቹን ጨው ላስልስ ወጣሁ። ማሻን ከሁለት ልጆቹ ጋር ከበረቱ ኋላ ቆሞ ጠበቀኝ። አንዱ ልጅ ከወገቤ ያዘኝ፤ ክንዱን ነክሼ ሥጋው ጥርሴ ውስጥ እስኪቀር አልለቀቅኩትም። ሁለተኛው በጉልበቱ ሆዴን መታኝና ወደቅኩ። ቀኝ እጄን ጨው የምናስልስበት ድንጋይ ላይ ዘረጉት። ማሻን ጠመንጃውን ገልብጦ አመልካች ጣቴን በሰደፉ መታው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። በሦስተኛው አጥንቱ ወጣ። «አባትሽ ወንድሜን በሰደፍ ነው የመታው። ጭንቅላትሽን ስላልነካሁ አመስግኚ» አለኝ። በጎቹ ደሙን ከጨው ጋር ላሱት።

ኒክሺች ሐኪሙ ጣቴን ከሁለተኛው አንጓ ላይ ቆረጠው። በር ቀረጠፈኝ አልኩት። ሐኪሙም የእኛ አገር ሰው ስለሆነ ስለ በሩ አልጠየቀኝም። በሦስተኛው ቀን ጎይኮ መጣ። ከበሩ ሳያልፍ ቆሞ «ምላጭ በመሐል ጣትም ይጨመቃል» አለኝ፣ አንድ ፓኮ ጥይት ወንበሩ ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከትናንት ወዲያ ክበቡ ሄጄ ሞከርኩ። ስድሳ ሁለት አገኘሁ። አሥር ጥይት ስተኩስ አሥሩንም ጊዜ ጮህኩ።

ቲኬትዎን አልፈልግም። ጁላይ 12 ቀን፣ በቅዱስ ጴጥሮስ፣ እተኩሳለሁ። ካልተኮስኩ ከእንግዲህ በገዛ መንደሬ የምሄድበት መንገድ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ይመልሱልኝ። ስለ ክፍት ቀዳዳ የጻፉትን ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ሳቁብኝ። የሱቮዶ ደንብ ሌላ ነው አሉኝ፤ የመሪው ቀዳዳ አይለጠፍም፣ የጥድ ቅርንጫፍ ይሰካበትና የሚበልጠው እስኪመጣ እንዲሁ ይቆያል። ያን ቀን መሪው አባቴ ነበር። የአባቴ ቀዳዳ ክፍት ነበር ማለት ነው። እርስዎ «አይተውም» ብለው ሁለት ጊዜ የጻፉት ለምንድን ነው?

ራዶሳቭ ስቶ ከነበረ አባቴ ቤቱ በሐሰት የተሰደበበት ሰው ነው፣ እኔም በዚያ ሰሌዳ ፊት ቀና ብዬ እተኛለሁ። ካልሳተ ይንገሩኝ። ለየትኛው ነገር ጣቴን እንደሰጠሁ ልወቅ።

ስታና


ወሎንጎንግ፣ ጁን 18 ቀን 1984

ስታና፤

ምርቃት አልጽፍም። ከእኔ አፍ ምን ምርቃት ይወጣል።

አባትሽ መሐሉን መታው። እኔ ከጉድጓዱ ወጣሁ፣ እንደ ደንባችን ከማዶ እንዲታይ ቀዳዳውን በቢላዋ አሰፋሁት፣ የጥድ ቅርንጫፍ ሰካሁበት። ከወዲያ ማዶ የሰዉ ጩኸትና ዘፈን ይሰማኛል። ተመልሼ ገባሁ። የቀረው ራዶሳቭ ብቻ ነበር። ጥይቱ በአናቴ ላይ አለፈ፣ ከሰሌዳው ኋላ ያለው አፈር ተበተነ። ከዚያ አንድ ነገር ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ቅርንጫፉ ነው። ግንዱ ለሁለት ተቆርጧል፣ ጫፉ ትኩስ ነው፣ የተቃጠለ ሙጫ ይሸታል።

ወጥቼ ሰሌዳውን አየሁት። አዲስ ቀዳዳ የለም። ጥይቱ እኔ ባሰፋሁት በወንድሜ ቀዳዳ ውስጥ አልፏል። እኩል ናቸው። እኩል የሆኑ ደግሞ አንዳንድ ጥይት ይጨምራሉ፤ ከማንም ምንም አይነጠቅም ነበር። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ቅርንጫፉን መልሼ ሰካሁትና ቆቤን አወዛወዝኩ። ለምን? ወንድሜ ደስ ብሎት ነበር፣ ዘፈኑ እንዲቆም አልፈለግኩም። ሃያ ሁለት ዓመት ስፈልግ ሌላ ምክንያት አላገኘሁም።

ራዶሳቭ ገደሉን ወርዶ ወጥቶ እያለከለከ መጣ። «እኔ አልስትም። አፈሩን ተመልከት» አለኝ። ዝም አልኩ። ሌባ ብሎ በጥፊ መታኝ። አባትሽ ከኋላው ደረሰ። እኔን አየና «ቲሆ፣ መታ ወይስ ሳተ?» አለኝ። «ሳተ» አልኩት። በሰደፉ ጆሮ ግንዱን መታው። ራዶሳቭ ከሰሌዳው ሥር ወደቀ፣ ደሙ በጆሮውና በአፍንጫው ወጣ፣ እግሩ መሬቱን ይቆፍር ነበር። አባትሽ ሁለተኛ ሲያነሳ ልይዘው እችል ነበር። አልያዝኩትም። ቆቤን ይዤ ቆሜ ነበር።

ሰውዬው ሦስት ቀን አጣጥሮ ሞተ። ሦስቱንም ቀን ዝም አልኩ። ፍርድ ቤት ቀርቤ ሳተ አልኩ። አባትሽ ከእስር ቤት አንድ ደብዳቤ ጽፎልኛል፤ «ላንተ ስም ነው የመታሁት፣ አይቆጨኝም» ይላል። በታሰረ በአራተኛው ዓመቱ እዚያው ሞተ። ለወንድሜ ብዬ ነው ዝም ያልኩት እያልኩ ኖርኩ። ውሸት ነው፤ ፈርቼ ነው።

ያን ዕለት ሁሉም ሬሳ የሚመስለውን ሰው ተሸክመው ሲወርዱ ቅርንጫፉን ነቅዬ ወሰድኩት። በጸሎት መጽሐፌ ውስጥ ነበር። ይኸው፣ ልኬልሻለሁ። የተቆረጠበትን እዪው። ለማንም አንብቢው። አትተኩሺ ብዬ አልለምንሽም፣ ያን የመለመን መብት የለኝም።

ቲሆሚር


ሱቮዶ፣ ጁላይ 15 ቀን 1984

ቲሆሚር፤

ደብዳቤህ ከበዓሉ ሁለት ቀን በፊት ደረሰ። ምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ላቃጥለው ስል ስተው፣ ላቃጥለው ስል ስተው ዋልኩ። አባቴን አላውቀውም፤ ያለኝ ነገር የተበደለ ሰው መሆኑ ብቻ ነበር፣ እሱንም ወሰድክብኝ።

ሁለት መቶ የሚሆን ሰው ወጥቶ ነበር። ከማዶ ምልክት ሊሰጥ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው የመንደሩ መምህር ነው። ጎይኮ መሐሉን መታና ቅርንጫፍ ተሰካ። የመጨረሻዋ እኔ ነበርኩ። ተራዬ ሲደርስ ሳልተኛ ቆሜ ደብዳቤህን ጮክ ብዬ አነበብኩ። «አልያዝኩትም» የሚለው ላይ ስደርስ የራዶሳቭ ሚስት ያግሊካ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እናቴ ሰዉን ገፍታ መጥታ በጥፊ መታችኝ፣ ደገመችኝ። «አባትሽን ሁለተኛ ገደልሽው» አለችና ወረቀቱን ቀደደችው።

ማሻን ጠመንጃውን አቀባብሎ አፈሙዙን ጉሮሮዬ ላይ ደገነው። ቀድሞ ተኩሶ ስለነበር ብረቱ አቃጠለኝ። «እሱ ባሕር ማዶ ነው። እዚህ ያለሽው አንቺ ነሽ» አለ። ጎይኮ አፈሙዙን በእጁ ይዞ ወደ ላይ ሲገፋው ጥይቱ ባረቀ። የግራ ጆሮዬን ጫፍ ወስዶታል፣ በዚያ በኩል እስካሁን አልሰማም። ጎይኮ የገዛ አጎቱን አፉን በቡጢ መታው፣ ጥርሶቹ ሣሩ ላይ ረገፉ። ከዚያ መዳፉ ተልጦ ደም እያንጠባጠበ ቅርንጫፍህን ከእጄ ተቀበለኝ። የተቆረጠበትን ለረጅም ጊዜ አየው። «አባቶቻችን እኩል ነበሩ። አንዳንድ ጥይት ይቀራቸዋል» አለ። ወደ ማዶ ተጣርቶ መምህሩን ቀዳዳውን ሁሉ አስለጠፈው።

ተኛና ተኮሰ። ከመሐሉ አራት ጣት ዝቅ ብሎ ገባ። እኔ ተኛሁ። ደሙ አንገቴ ውስጥ ይወርዳል። ሁሉም እንድስት ይጠብቅ ነበር፣ እናቴም ጭምር፤ ብስት ነገሩ ያልቃል ብለው ነው። እኔም አሰብኩት። ግን በዚያ ሰሌዳ ላይ አንድ ውሸት ይበቃል። ማንገቻውን አጠበቅኩ፣ ከገደሉ የሚወጣው ነፋስ ሣሩን እስኪለቀው ጠበቅኩ፣ ትንፋሼን ግማሹን አውጥቼ ያዝኩ፣ በመሐል ጣቴ ጨመቅ፣ ጨመቅ አደረግኩት። መሐሉ ነበር። ማንም ቆብ አላወዛወዘም።

ማሻን በጉን በገመድ ጎትቶ ሰጠኝ። «በየትኛው ጣት ነው የተኮስሽው?» አለኝ። አሳየሁት። ከዚያ ተንበርክኮ የራሱን አመልካች ጣት ድንጋይ ላይ ዘረጋና በሌላው እጁ ጠመንጃውን ገልብጦ በሰደፉ መታው። ሦስት ጊዜ፣ የእኔን ያህል። አልጮኸም። የነከስኩት ልጁ ዘወር ብሎ አስታወከ።

በጉን ለያግሊካ ወሰድኩላት። በእጇ አርዳ ወርቹን ለእናቴ ላከችላት። እናቴ ቀቅላ በላችው፤ እኔን ግን እስካሁን አታናግረኝም። ለሴፕቴምበር ምርጫ ከጎይኮ ጋር በአንድ መኪና እንሄዳለን።

ማነጣጠሪያህን አልመልስም፣ በደንብ ይሠራል። ቲኬት እቆርጣለሁ ብለህ ነበር፤ ለራስህ ቁረጠው። መምህሩ ሁለተኛ ጉድጓዱ ውስጥ አልገባም ብሏል። በሚመጣው ጴጥሮስ ጎይኮም፣ እኔም፣ ማሻንም እንተኩሳለን፤ ከሰሌዳው ሥር የምትቀመጠው አንተ ነህ። ቆብ ይዘህ አትምጣ። የራዶሳቭን ቆብ ያግሊካ አስቀምጣልሃለች።

ስታና